ለሃያ ዘጠኝ ቀን የሚሆን ጥቅል

ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሰዓዳ ስልክ የምትጠግንባትና የአየር ሰዓት የምትሞላባት ጠባብ ሱቅ፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ። ዓይናቸውን ከታከሙ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው እትዬ ይመኙሻል ጅማ ለሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ለሽብሩ ቤት ዛሬውኑ የሚደውሉበት ርካሽ ጥቅል ጠይቀው፣ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠዋል፤ ሰዓዳ ግን ስልኩን አልነካችውም።

ይመኙሻል፦ ሌሊት? ሌሊት ከማን ጋር ነው የማወራው፣ ከጅብ ጋር?

ሰዓዳ፦ እትዬ፣ ርካሽ አሉኝ፣ ርካሹን ነገርኩዎት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስኪነጋ፣ ጉሮሮዎ እስኪደርቅ ማውራት ነው። ከዚህ የረከሰ የሚያመጣ ሰው ካለ እኔ ሱቄን ዘግቼ ቆሎ እሸጣለሁ።

ይመኙሻል፦ እኔ ማታ በሁለት ሰዓት ተኝቼ በአስራ አንድ ሰዓት የምነሳ ሴት ነኝ። ለተኛሁበት ልታስከፍይኝ ነው?

ሰዓዳ፦ እንግዲያው ዳታ ይውሰዱ። ወር ሙሉ የሚቆይ አለ፤ ዋጋውም ለእንደርስዎ ላለ ሰው የሚከብድ አይደለም።

ይመኙሻል፦ ዳታው በዚህ በኔ ስልክ ምን ይሠራል?

ሰዓዳ፦ ለጊዜው… ምንም።

ይመኙሻል፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ላም መች ጠየቅሁሽ፣ ልጄ? የጠየቅሁሽ ድምፅ ነው። በቀን የሚያስወራ፣ ርካሽ፣ ቶሎ የማይሞት።

ሰዓዳ፦ እርስዎ እኮ ጥቅል አያስፈልግዎትም። ሲደወልልዎ ነጻ ነው። ይቺን ስልክ ከያዙ ጀምሮ ደውለው ያውቃሉ? ሚስኮል ያደርጋሉ፣ ጋሽ ሽብሩ መልሰው ይደውላሉ። ሚስኮል ባያደርጉም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ይደውላሉ። ከዚህ የተሻለ ጥቅል ከየት ይመጣል?

ይመኙሻል፦ ባለፈው እሑድ አልደወለም።

ሰዓዳ፦ ኔትወርክ ይሆናላ።

ይመኙሻል፦ ጅማ ኔትወርክ የለም?

ሰዓዳ፦ አልፎ አልፎ።

ይመኙሻል፦ የጎረቤቴ ልጅ ጅማ ነው የሚማረው። ትናንት እናትና ልጅ ሲሳሳቁ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ኔትወርኩ ቤት ይመርጣል እንዴ?

ሰዓዳ፦ ስልክዎም አርጅቷል። አርብ ዕለት አስካለ አምጥታው አይቼዋለሁ፤ ባትሪው አብጧል።

ይመኙሻል፦ እሱን ልነግርሽ ነበር። ልጄ አስካለ ባትሪው ይታይ ብላ ወሰደችው። ሲመለስ ባትሪው ያው ነው፤ ሁለት ቁጥር ግን ጠፋች። ሁለትን ጫን አድርጌ ስይዝ ሽብሩ ነበር የሚወጣው። እዚያ ላይ ያስቀመጥሽልኝም አንቺ ነሽ። ባትሪ ሲታይ ሰው ይጠፋል?

ሰዓዳ፦ ይጠፋል። ቴክኖሎጂ ነው።

ይመኙሻል፦ ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ያንቺ ከቤት ሲወጣም ቀላል ነው።

ሰዓዳ፦ እትዬ! ውሸታም እያሉኝ ነው?

ይመኙሻል፦ ኧረ ገና ጀማሪ ነሽ። ደብተርሽን አውጪ። የደንበኛውን ሁሉ ቁጥር በእጅሽ ትጽፊ የለ? የኔም ሽብሩ እዚያ አለ። ወደ ማዶው ሱቅ ያልሄድኩት ለዚህ ነው። እነሱ ካርድ ይሞላሉ፣ ወንድሜን ግን አያውቁትም።

ሰዓዳ፦ ደብተሩ… ቤት ነው።

ይመኙሻል፦ ክንድሽን የደገፍሽበትስ?

ሰዓዳ፦ ይሄ ሌላ ነው።

ይመኙሻል፦ ሰማያዊ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጣበቀ። ከዓይኔ በፊት ቢሆን ኖሮ አምንሽ ነበር።

ሰዓዳ፦ ስለ ዓይንዎ ከተነሳ፣ በዚህ አቧራና ፀሐይ ምን ያደርጋሉ? ጠብታው መች ነው የሚያልቀው?

ይመኙሻል፦ ቅዳሜ።

ሰዓዳ፦ በቃ። ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ። የፈለጉትን ጥቅል በነጻ እሞላልዎታለሁ፣ ወላሂ። ከፈለጉ ቤት ድረስ እመጣለሁ።

ይመኙሻል፦ ሁላችሁም ቅዳሜን ወደዳችኋት። አስካለም ለሁሉ ነገር ቅዳሜ ትለኛለች። የእድሩ ዳኛ ባለፈው መንገድ ላይ አግኝተውኝ “ቅዳሜ በጠዋት ብቅ ብለን እንጠይቅሻለን” አሉኝ። እኚህ ሰው የወለድኩ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም። ቅዳሜ ምን አለ?

ሰዓዳ፦ ምን ይኖራል? ሥራ የለማ።

ይመኙሻል፦ አንቺ ቅዳሜ ትዘጊያለሽ?

ሰዓዳ፦ አልዘጋም።

ይመኙሻል፦ እንግዲያስ ዛሬም ክፍት ነሽ፤ እንቀጥል። የቀን የሚባለውን ንገሪኝ።

ሰዓዳ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ይመኙሻል፦ እኔ ወረቀት አላነብም፤ ሞኝነቱን ተይልኝ። የቀኑስ?

ሰዓዳ፦ የቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ነው። ዛሬ ሐሙስ በአራት ሰዓት ሞልተው ነገ አርብ በአራት ሰዓት ያልቃል። ያልተወራው ይቃጠላል።

ይመኙሻል፦ የሳምንቱስ?

ሰዓዳ፦ ሰባት ቀን። እሱም ሲያልፍ ይቃጠላል።

ይመኙሻል፦ ሳይነገር የቀረ ሁሉ ይቃጠላል?

ሰዓዳ፦ ሕጉ ነው እንግዲህ።

ይመኙሻል፦ ደግ ሕግ ነው። እኛ ቤት ሳይነገር የቀረ ነገር ማዕድ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። አሁንስ የወሩን በዪኝ።

ሰዓዳ፦ የወሩ ሰላሳ ቀን ነው። ስድሳ ደቂቃ አለው፣ ቀንም ሌሊትም። ለእርስዎ ግን ይበዛል። ስድሳ ደቂቃ ከማን ጋር ሊያወሩ?

ይመኙሻል፦ ደቂቃውን ተይው፣ ቀኑን ነው የምፈልገው። ዛሬ ብትሞዪልኝ ከዛሬ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ይሠራል?

ሰዓዳ፦ ይሠራል። እንዲያውም አንድ ቀን ይተርፍዎታል።

ይመኙሻል፦ መልካም። እሱን ሙዪልኝ።

ሰዓዳ፦ ቆይ፣ እትዬ። ሰው “ወር ይቆያል ወይ” ይላል እንጂ ሃያ ዘጠኝ ይላል? ምን አለ በሃያ ዘጠኙ?

ይመኙሻል፦ አንቺ ትምህርት ቤት ሳትገቢ ስልክ ፈትተሽ የምትገጥሚ ልጅ ነሽ፣ ይሄ አይከብድሽም። ዛሬ አስራ አንደኛው ቀን ነው። ሃያ ዘጠኝ ጨምሪበት።

ሰዓዳ፦ አስራ አንድና ሃያ ዘጠኝ አር…

ይመኙሻል፦ ጨርሺው።

ሰዓዳ፦ እትዬ።

ይመኙሻል፦ አርባ። አርባው ላይ ስልኬ እንዳይዘጋብኝ ነው። ጅማ ድረስ ስንቱን የማዘው፣ ስንቱን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሚስኮል ባደርግ ከእንግዲህ መልሶ የሚደውልልኝ የለም።

ሰዓዳ፦ ያ ረቢ። ማን ነገረዎት?

ይመኙሻል፦ ማንም። ጎበዞች ናችሁ፣ አንድም ቃል አላመለጣችሁም።

ሰዓዳ፦ እና እንዴት?

ይመኙሻል፦ ቀዶ ጥገናው ቅዳሜ ነበር። እሑድ ጠዋት ፋሻውን ሲያነሱልኝ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አየሁ። ሽብሩ ሲደውል ነገርኩት። “ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት ስንጥቅ እንድታዪ ነው?” ብሎ ሳቀ። ማክሰኞ በሌሊት አስካለ “ስልጠና አለብኝ” ብላ ወጣች። ለአራተኛ ክፍል አስተማሪ በሌሊት የሚያስነሳ ምን ስልጠና አለ? አርብ ተመለሰች። ድሮ ቢሆን ጥላዋን ነበር የማየው። አሁን ግን ከነጠላዋ ስር የጥቁር ሻሽ ጫፍ አየሁ። በር ላይ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትል ጫፉ ቀረባት።

ሰዓዳ፦ እንዲህ ሲሆን ዝም አሉ?

ይመኙሻል፦ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። የኔ ዓይን ቀደመ፣ ልቤ እስካሁን እየመጣ ነው። አልደረሰም።

ሰዓዳ፦ አላለቀሱም?

ይመኙሻል፦ ሐኪሙ አታልቅሺ ብሏል። ጠብታው እስኪያልቅ እንባ እንዳይነካው። ዓይኔን ያሳከመኝ ሽብሩ ነው፤ ባለቅስ በሱ ብር ላይ ነው የማለቅሰው።

ሰዓዳ፦ በሐኪም ትእዛዝ እንባ ይቆማል?

ይመኙሻል፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ነው ተረቱ። እኔ አንጀቴን ፈልጌ አጣሁት። ትናንት ሽሮ ሠራሁ። አስካለ ቀምሳ “እማዬ፣ ጨው የለውም” አለችኝ። እኔ ግማሹን በልቼው ነበር። ወደዚህ ስመጣም እግሬን አየዋለሁ፣ ይራመዳል። የማን እግር እንደሆነ እንጃ።

ሰዓዳ፦ ይቀመጡ። በአላህ ይቺ ወንበር ላይ ይቀመጡ።

ይመኙሻል፦ ቆሜም ተቀምጬም ያው ነው።

ሰዓዳ፦ እኔ እኮ… አስካለ መጥታ ለመነችኝ። “ጠብታው እስኪያልቅ ነው፣ ዓይኗ ይጠፋል” አለችኝ። ሁለት ቁጥርን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከኔ አፍ አይሰሙም ብዬ ምያለሁ።

ይመኙሻል፦ ካንቺ አፍ መች ሰማሁ? እኔ ነኝ የነገርኩሽ። መሐላሽ እንደታሰረ ነው።

ሰዓዳ፦ እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ኖሮ እስር ቤት ባዶ ይሆን ነበር።

ይመኙሻል፦ ወይም ይሞላ ነበር። አሁን ደብተሩን ክፈቺው።

ሰዓዳ፦ ይስሙኝ፣ እትዬ። ካወቁት አውቀዋል። የቀረው ሁለት ቀን ነው። ቅዳሜ ሰው ተሰብስቦ፣ ቁርስ በልተው፣ በወጉ ቢረዱ አይሻልም? ዛሬ ደውለው ምን ያገኛሉ? የጋሽ ሽብሩ ባለቤት ድምፅዎን ስትሰማ ትጮሃለች፣ እርስዎም እዚሁ…

ይመኙሻል፦ ስም ልነግራት ነው።

ሰዓዳ፦ የምን ስም?

ይመኙሻል፦ የሽብሩን የክርስትና ስም።

ሰዓዳ፦ አልገባኝም። ሚስቱ አይደለችም እንዴ?

ይመኙሻል፦ በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ካህናቱ ፍትሐት የሚያደርጉት በክርስትና ስሙ ነው። ሽብሩ የዓለም ስሙ ነው፣ እዚያ አይጠራም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ነው ያኛው ስም የሚወጣለት። ሲወጣለት ታቅፌው የነበርኩ እኔ ነኝ። እናቴ ታማ፣ የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሞታለች፣ አባቴ ሞቷል፣ የክርስትና አባቱም ሞቷል። የቀረሁ እኔ።

ሰዓዳ፦ ራሳቸው ለሚስታቸው አልነገሩም?

ይመኙሻል፦ እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ክላክስ አሳጥሮ የሚሳለም እንጂ ውስጥ የሚገባ አልነበረም፣ በኋላ ነው እሑድ እሑድ የጀመረው። ስሙን እንኳ ሁልጊዜ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። “ያቺን ስሜን አንቺ ዘንድ አስቀምጪልኝ” ይል ነበር። ሚስቱ ዘነበች ከየት ታውቀው?

ሰዓዳ፦ ታዲያ እስካሁን በማን ስም ጸለዩ?

ይመኙሻል፦ እሱን ከትናንት ወዲያ ማታ ሰማሁ። አስካለ ጓሮ ወጥታ በስልክ ታንሾካሹካለች። “አርብ አስራ ሁለቱ ነው፤ ስሙን የምታውቀው እማዬ ብቻ ናት፣ ምን ብዬ ልጠይቃት?” ትላለች። አሮጊት የሰው የክርስትና ስም በድንገት የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ ታውቃለች ብላ ፈራች። እዚያ ማዶ ያሉት ደግሞ ስም ከሚጠፋ ብለው የዘነበችን አባት ስም ለካህናቱ ሰጥተዋል። ገብረ ሥላሴ።

ሰዓዳ፦ የሌላ ሰው?

ይመኙሻል፦ የሌላ ሰው። ሰውዬው ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ጸሎት በላይ በላዩ እየደረሰው ነው። የኔ ወንድም በር ላይ ቆሟል።

ሰዓዳ፦ ቅዳሜ ቢነግሯቸው አይደርስም?

ይመኙሻል፦ ነገ አስራ ሁለቱ ነው። ሰው ተጠርቶ፣ ካህናቱ ተሰብስበው የሚጸለይበት ቀን። ነገ በጠዋት ስሙ ይጠራል። ሽብሩን ማንም ካልጠራው መቼም ሚስኮል አያደርግልኝ።

ሰዓዳ፦ ለአስካለ ለምን አልነገሯትም? እቤትዎ ያለች ልጅ።

ይመኙሻል፦ እሱ ነው የከበደኝ። አይተሻታል? ሰባት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ነው የምታለቅሰው። ነጠላዋን በር ላይ ስትገለብጥ፣ ከኔ ጋር ስትስቅ… አጎቷ አይደለም እንዴ፣ ያሳደጋት? ያንን ሁሉ ለኔ ዓይን ብላ ተሸክማ፣ እኔ “ተይው፣ አውቄዋለሁ” ልበላት? እነዚያ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ሲመጡ “አርፍዳችኋል” ልበላቸው? መርዶውን ቅዳሜ እቀበላለሁ። እንደማያውቅ ሰው ደንግጬ፣ ያንጊዜ ጠብታውም አልቋል፣ አንጀቴም ከመጣ…

ሰዓዳ፦ ስለዚህ ስሙን ዛሬ ከነገሩ ቅዳሜ ይፈርሳል። ዝም ካሉ ደግሞ ነገ ያልፋል።

ይመኙሻል፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ እሱን ነው የማመነዥገው። ሞልተሽልኝ በራሴ ልደውልና ዘነበችን “ለማንም እንዳትነግሪ” ልላት ነው። ትችላለች?

ሰዓዳ፦ እትዬ፣ ያቺ ሴት ድምፅዎን ሰምታ ዝም ትላለች? ከመዝጋትዎ አስካለ ጋ ትደውላለች። አስካለ ከክፍል ወጥታ እየሮጠች ትመጣለች። ከዚያ እኔ ሱቄን ዘግቼ ቆሎዬን እጀምራለሁ።

ይመኙሻል፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

ሰዓዳ፦ ቆይ፣ ነገሩን ከሥሩ ልየው።

ይመኙሻል፦ አንቺ ስልክ ክፉኛ ሲበላሽ እንዲህ ነው የምታዪው?

ሰዓዳ፦ ይጠብቁኝ፣ እያሰብኩ ነው። መጀመሪያ ጥቅሉን ልሙላ። የወሩን አሉ?

ይመኙሻል፦ የወሩን። ከኪስሽ ግን አይደለም። ይሄው።

ሰዓዳ፦ ለሌላው ጊዜ…

ይመኙሻል፦ ልቀበልሽ አልመጣሁም። የአርባው ስልክ በልመና አይሞላም። ያዢ።

ሰዓዳ፦ እሺ። ገባ። ስድሳ ደቂቃ፣ ሰላሳ ቀን። አሁን ልንገርዎት። ሲም ሲወጣ ምዝገባ አለ አይደል? መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ሙሉ ስም።

ይመኙሻል፦ አለ።

ሰዓዳ፦ ዛሬ እርስዎ ለምዝገባ እኔ ዘንድ መጡ። እኔ ደግሞ የክርስቲያን ነገር የማላውቅ የእስላም ልጅ ነኝ። ስምዎን ስጽፍ “ለመሆኑ እናንተ ሁለት ስም አላችሁ የሚባለው እውነት ነው?” አልኩዎት። እርስዎ ጨዋታ ወዳድ ነዎት። የራስዎን፣ የአስካለን፣ የጋሽ ሽብሩን ዘረዘሩልኝ። ምንም አልጠረጠሩም። እኔም ሞቱን ከአስካለ ሰምቻለሁና፣ ስሙ ለጸሎት ይፈለግ እንደሆን ብዬ ለዘነበች ደውዬ ነገርኳት።

ይመኙሻል፦ ይሄን ማን ያምናል?

ሰዓዳ፦ ማመን የፈለገ። ነገ ጠዋት ስም የጎደለው ሰው አይመረምርም።

ይመኙሻል፦ ቅድም ጀማሪ ነሽ ያልኩሽን አንስቻለሁ።

ሰዓዳ፦ ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል አላሉኝም? ይቺ ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትጓዘው። ቅዳሜ ድረስ ትበቃለች።

ይመኙሻል፦ መሐላሽስ?

ሰዓዳ፦ የማልኩት ለእርስዎ እንዳልናገር ነው። ለጅማ እንዳልናገር አልማልኩም። ዳኝነት ከእርስዎ ተማርኩ።

ይመኙሻል፦ ስሙን በትክክል ትይዣለሽ?

ሰዓዳ፦ እጽፈዋለሁ። ይበሉኝ።

ይመኙሻል፦ ክንፈ ገብርኤል።

ሰዓዳ፦ ክንፈ… ገብርኤል።

ይመኙሻል፦ እንደሱ አይደለም፣ ቆርጠሽ አትጥሪው። አንድ ላይ ነው። ክንፈ ገብርኤል። ሲያወጡለት አለቀሰ፣ ውሃው ቀዝቅዞት። እኔ በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

ሰዓዳ፦ ክንፈ ገብርኤል።

ይመኙሻል፦ እንደሱ። አሁን ልክ ጠራሽው።

ሰዓዳ፦ ቁጥሩ ይኸው፣ ደብተሬ ላይ። ሁለት ቁጥርንም መለስኩልዎት። ከራሴ ስልክ ነው የምደውለው… እየጠራ ነው።

ይመኙሻል፦ ሰዓዳ።

ሰዓዳ፦ አቤት።

ይመኙሻል፦ ጆሮዬ ላይ አድርጊልኝ። አልናገርም። ዘነበች ስትናገር ብቻ ልስማ። ከቤቱ ድምፅ ከሰማሁ አስራ አንድ ቀኔ ነው።

ሰዓዳ፦ አይሆንም፣ እትዬ። ውጭ ያቺ ድንጋይ ላይ ይቀመጡልኝ፣ ፊትዎን ወደ መንገዱ አዙረው። እርስዎ የሚሰሙት ቅዳሜ ነው።